ጭራቁን የሚጥለው የጣት ፍጥነት ብቻ ነውን?

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከፋኩልቲያችን የኮምፒዩተር ክፍል የሚወጣውን የኪቦርድ ድምፅ በጆሮው ብቻ የሚያዳምጥ ሰው፣ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማስረከብ የሚጣደፉ ይመስለዋል። ጠጋ ብሎ ሲመለከት ግን በስክሪኑ ላይ ጭራቆች ይርመሰመሳሉ። ከእያንዳንዱ ጭራቅ ፊት አንድ ቃል ተጽፏል። ተጫዋቹ ቃሉን በኪቦርዱ አስተካክሎ ሲጽፍ ጭራቁ ይወድቃል፤ ጽፎ ሳይጨርስ ከቀረ ደግሞ ጭራቁ ደርሶ ይነክሰዋል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እኛም የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ተራ ይዘን ከአንዱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጥን። ከመካከላችን በጽሕፈት ፍጥነቱ የምናደንቀው ባልደረባችን ቁልፎቹን እንደ ከበሮ ቢደበድባቸውም ሁለተኛውን ምዕራፍ ሳያይ ወደቀ። ዝግ ብሎ በመጻፉ ዘወትር የምንቀልድበት ሌላው ባልደረባችን ግን ሁላችንንም አልፎ ሩቅ ተጓዘ። በሁኔታው ሳቅን፤ ከሳቁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። ፈጣኑ ስለ ምን ቀድሞ ሞተ?

ነገሩን ስንመረምረው ጨዋታው የሚፈትናቸው ችሎታዎች ሦስት ሆነው አገኘናቸው፤ እነርሱም ከብዙ ሥራ መካከል ቀዳሚውን መምረጥ፣ ሳይሳሳቱ መጻፍ፣ ዐይንን ከጣት ማስቀደም ናቸው። ፍጥነት የእነዚህ የሦስቱ ውጤት ሆኖ ይመጣል እንጂ እነርሱን ሊተካ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረውም ይህንኑ በመያዝ ነው። የጨዋታው ስልት ሊጠና የሚገባው ዕውቀት ነው፤ ጥቅሙም ከጨዋታው ውጭ ይዘልቃል፤ በራሳችን ፊደል ቢዘጋጅ ደግሞ ለተማሪዎቻችን የሚሰጠው አገልግሎት የላቀ ይሆናል እንላለን።

ጨዋታው ከየት መጣ?

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ከሚታወቁት ምሳሌዎች አንዱ ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣው «ዘ ታይፒንግ ኦፍ ዘ ዴድ» ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1998 «ዘ ሃውስ ኦፍ ዘ ዴድ 2» የተባለ፣ ተጫዋቹ በመጫወቻ ሽጉጥ እያነጣጠረ ከሞት የተነሡ ጭራቆችን የሚከላከልበት ጨዋታ አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ያንኑ ጨዋታ ወስዶ ሽጉጡን በኪቦርድ ተካው። ታሪኩም ጭራቆቹም እንዳሉ ቀሩ፤ ጥይቱ ግን ፊደል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 ድሪምካስት ለተባለው የቤት መጫወቻ መሣሪያ ሲዘጋጅ፣ የጨዋታው ጀግኖች ራሳቸው መሣሪያውን በጀርባቸው አዝለው፣ ኪቦርዱን ከፊታቸው አንግበው ሲዘምቱ ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመሳሳዮች ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውና በድረ ገጽ ማሰሻ የሚሠራው «ዜድ ታይፕ» ጭራቆቹን በጠፈር መርከቦች ለውጦ ያንኑ ደንብ ይከተላል።

በመልክ ቢለያዩም የእነዚህ ጨዋታዎች መሠረታዊ ደንብ ተቀራራቢ ነው። በመጀመሪያ፣ ተጫዋቹ የሚመታው የመጀመሪያ ፊደል ዒላማውን ይመርጥለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመታቸው ፊደላት ሁሉ ወደዚያው ዒላማ ይሄዳሉ። ሁለተኛ፣ የተሳሳተ ፊደል ጭራቁን አይጎዳውም፤ ተጫዋቹ ትክክለኛውን እስኪመታ ድረስ ቃሉ ባለበት ይቆማል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ጭራቅ የሚደርስበት የራሱ ጊዜ አለው። በ«ዘ ታይፒንግ ኦፍ ዘ ዴድ» ከሩቅ የሚወረወሩ ነገሮችም አሉ፤ እነርሱ የሚመክቱት በአንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ይጠፋሉ፤ ቸል ከተባሉ ግን ይጎዳሉ።

ማንኛውን እናስቀድም?

ሦስት ጭራቆች በአንድ ጊዜ ሲመጡ ጀማሪ ተጫዋች ዐይኑ ያረፈበትን ይመታል። ጥቂት የለመደው ደግሞ «አጭሩን ቃል አስቀድም» የሚል ደንብ ለራሱ ያወጣል። ይህ ደንብ ብልህነት ያለበት ቢመስልም ሊያሳስት ይችላል። በአንድ ሴኮንድ 4 ፊደል የሚጽፍ ተጫዋች እናስብ። አንደኛው ጭራቅ ባለ 12 ፊደል ቃል ይዞ በ3.5 ሴኮንድ ውስጥ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ባለ 4 ፊደል ቃል ይዞ በ6 ሴኮንድ ውስጥ ይደርሳል። አጭሩን ካስቀደመ 1 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ረጅሙን ለመጨረስ 3 ሴኮንድ ሲጨምር 4 ሴኮንድ ይሞላል፤ ነገር ግን አንደኛው ጭራቅ በ3.5 ሴኮንድ ደርሶ ነክሶታል። ቀድሞ የሚደርሰውን ቢያስቀድም ግን የመጀመሪያውን በ3ኛው፣ ሁለተኛውን በ4ኛው ሴኮንድ ጨርሶ ሁለቱንም ባሸነፈ ነበር።

ይህ ጥያቄ ለፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ አዲስ አይደለም። አንድ ማሽን አለ፤ ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል፤ እያንዳንዱ ሥራ የሚፈጀው ጊዜና የሚረከብበት ቀነ ገደብ አለው። በየትኛው ቅደም ተከተል ይሠራ? ጄምስ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1955 እንዳሳየው፣ ሥራዎቹን በቀነ ገደባቸው ቅደም ተከተል መሥራት ከሁሉ የከፋውን መዘግየት ወደ ዝቅተኛው መጠን ያወርደዋል። ስለዚህ ሁሉንም በጊዜው መጨረስ የሚቻል ከሆነ ይህ ደንብ ያስጨርሳል። ጭራቁን ሥራ፣ የቃሉን ርዝመት የሥራው ጊዜ፣ የመድረሻውን ቅጽበት ቀነ ገደብ ብለን ብንጠራቸው ተጫዋቹና ሥራ አስኪያጁ አንድ ጥያቄ ይዘው እናገኛቸዋለን።

ሁሉንም መጨረስ በማይቻልበት ጊዜስ? እዚህ ላይ ነው ፈጣኑ ባልደረባችን የወደቀው። ያው ተጫዋች ባለ 16 ፊደል ቃል የያዘና በ4.2 ሴኮንድ የሚደርስ ጭራቅ፣ እንዲሁም ባለ 4 ፊደል ቃል የያዙና በ4.5 እና በ5.5 ሴኮንድ የሚደርሱ ሁለት ጭራቆች ገጠሙት እንበል። ቀድሞ የሚደርሰውን ካስቀደመ ረጅሙን በ4ኛው ሴኮንድ ይጥለዋል፤ የቀሩትን ግን በ5ኛውና በ6ኛው ሴኮንድ ስለሚጨርስ ሁለቱም ይነክሱታል። ረጅሙን ትቶ ከሁለቱ አጫጭሮች ቢጀምር በ2 ሴኮንድ ይገላገላቸዋል፤ የሚነክሰውም ረጅሙ ብቻ ይሆናል። ማይክል ሙር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ዘዴ መሠረት፣ የሚዘገዩትን ሥራዎች ቁጥር ለማሳነስ ሥራዎቹን በቀነ ገደባቸው እንደረድራለን፤ ከመካከላቸው አንዱ እንደሚዘገይ ስናይ እስከዚያ ከተደረደሩት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚፈጀውን አውጥተን ወደ መጨረሻ እንገፋዋለን። ከልብ የሆነ ጥረት አንዳንዴ «ይህን አልችለውምና ልተወው» ማለትን እንደሚጨምር የሚያስተምር ሒሳብ ነው።

በጨዋታው ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ቃል ከተጀመረ በኋላ ትቶ ወደ ሌላ መዛወር አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም አዲስ የጭራቅ መንጋ ሊመጣ ሲል ረጅም ቃል አለመጀመር፣ በአንድ ፊደል የሚመከተውን ውርወራም ረጅሙን ቃል ከመጀመር በፊት ማጥፋት ይበጃል። ዝግተኛው ባልደረባችን ሩቅ የተጓዘው ይህን ሳያውቀው ያደርግ ስለነበር ነው። አንዱን ከጣለ በኋላ ለአፍታ ቆም ብሎ ሜዳውን ይቃኝ ነበር፤ እኛ ያን ቆይታ ድካም አድርገን ቆጥረነው ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት እህል ይዞ ለሚሮጥ ሰው ቢሆንም ለዚህ ጨዋታ የተባለ ይመስላል። ጉዳዩን በቁጥር እንየው። አንድ ተጫዋች በሴኮንድ 5 ቁልፍ እየመታ ከ10 ምት 1 ይስታል። ሌላው በሴኮንድ 4 ቁልፍ እየመታ ከ50 ምት 1 ይስታል። ስሕተቱን ለማስተዋል፣ ጣትን ለመመለስና ትክክለኛውን ለመምታት 1 ሴኮንድ ይባክናል ብለን እናስብ። ባለ 6 ፊደል ቃል ለመጻፍ የመጀመሪያው 1.2 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በአማካይ በቃል 0.6 ስሕተት ስለሚሠራም 0.6 ሴኮንድ ተጨምሮ 1.8 ይሆናል። ሁለተኛው 1.5 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ የስሕተቱ ቅጣት 0.12 ስለሆነ በድምሩ 1.62 ይሆናል። ዝግተኛው ቀደመ ማለት ነው።

ከአማካዩ ይልቅ አስተማማኝነቱ ደግሞ የበለጠ ይመዝናል። የመጀመሪያው ተጫዋች አንድን ባለ 6 ፊደል ቃል አንድም ስሕተት ሳይሠራ የመጨረስ ዕድሉ 53 ከመቶ ገደማ ሲሆን የሁለተኛው 89 ከመቶ ገደማ ነው። ጭራቁ አጠገባችን ሲደርስ የሚያድነን ባለፉት መቶ ቃላት ያስመዘገብነው አማካይ ፍጥነት ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ያለመሳሳታችን ነው።

ይህ በእውነተኛው የጽሕፈት ሥራም ይታያል። በፊንላንድ የአልቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረጉት ጥናት፣ 168,000 ያህል ሰዎች የመቷቸውን 136 ሚሊዮን ቁልፎች መርምሯል። የተሳታፊዎቹ አማካይ ፍጥነት በደቂቃ 52 ቃላት ገደማ ነበር፤ ፈጣኖቹ ጸሐፊዎችም ስሕተታቸው ከዝግተኞቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ፍጥነትና ትክክለኛነት በአንድ ቅጽበት ቢሻሙም፣ በልምምድ ብዛት ግን አብረው የሚያድጉ ናቸው። መንገዱም የታወቀ ነው፤ ስሕተታችን ከ50 ምት ከ1 እስኪያንስ ድረስ ዝግ ማለት፣ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን ጥቂት በጥቂት መጨመር።

ዐይን ይቅደም

ጥሩ ጸሐፊ የሚመታውን ፊደል አያይም። ዐይኑ ከጣቱ ጥቂት ፊደላት ቀድሞ ይጓዛል፤ ጣቱ ዐይኑ ቀድሞ ያነበበውን ይከተላል። ካርል ላሽሊ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ እንደተከራከረው፣ ፈጣን እንቅስቃሴዎች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ የሚሄድ ሰንሰለት ሊሆኑ አይችሉም፤ የአንዱ ጣት ስሜት ወደ አንጎል ደርሶ ለቀጣዩ ጣት ትእዛዝ እስኪመለስ ድረስ ጊዜው አይበቃምና። አንጎል የእንቅስቃሴውን ቅደም ተከተል አስቀድሞ ያሰናዳዋል።

ከዚህ የሚገኘው ስልት ግልጽ ነው። የቃሉን የመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት ጣት በራሱ እየጨረሰ ሳለ ዐይን ወደ ቀጣዩ ጭራቅ መሻገር አለበት። ይህ ግን የሚቻለው ዐይን ቁልፎቹን በመፈለግ ላይ ካልተጠመደ ነው። በሁለት ጣት እየፈለገ የሚጽፍ ሰው በእያንዳንዱ ፊደል ራሱን ወደ ኪቦርዱ ይሰብራል፤ ቀና ሲል ጭራቁ ሁለት እርምጃ ቀርቧል። እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር እንጨምር። የአልቶ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባቀረቡት ሌላ ጥናት እንደታየው፣ በራሳቸው የተማሩና አሥሩንም ጣቶች የማይጠቀሙ አንዳንድ ሰዎች ሥልጠና ካገኙት ጋር የተስተካከለ ፍጥነት አላቸው። ምስጢሩ አንዱን ቁልፍ ሁልጊዜ በአንዱ ጣት መምታት፣ እጅን ከቦታው ብዙ አለማንቀሳቀስና ቀጣዩን ጣት አስቀድሞ ማሰናዳት ነው።

ጨዋታው ይህን ልማድ በራሱ ያስተምራል ብለን አንዋሽም። እንዲያውም ጭራቅ ሲያሳድደው የማይደናገጥ ጥቂት ነው፤ የተደናገጠ ሰውም ወደ መጥፎ ልማዱ ይመለሳል። ስለዚህ የጣት አቀማመጥን ጭራቅ በሌለበት መማር፣ ጨዋታውን ደግሞ የተማሩትን በችኮላ መካከል ለመፈተን መጠቀም ይገባል። ጨዋታውን ጊዜ ማባከኛ ነው ብለው የሚነቅፉትንም፣ ብቻውን በቂ ትምህርት ነው ብለው የሚያወድሱትንም የማንስማማቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በራሳችን ፊደል ቢሆንስ?

እስካሁን የተናገርነው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጻፉ ጨዋታዎች ነው። ጭራቁ የአማርኛ ቃል ይዞ ቢመጣ ስልቱ ይለወጣል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ መለያ ቁጥር አግኝቷል። ኪቦርዱ ላይ ግን ለሁሉም የሚበቃ ቁልፍ የለም። በሰፊው ከሚሠራባቸው ዘዴዎች በአንዱ ሳድስ ሆሄ በአንድ ቁልፍ ሲጻፍ፣ ሌሎቹ የተነባቢውን ቁልፍ መትቶ የአናባቢውን ማስከተልን ይጠይቃሉ።

ይህም አስገራሚ ውጤት አለው። «ትምህርት» አምስት ሆሄ አለው፤ ሁሉም ሳድስ ስለሆኑ በአምስት ምት ያልቃል። «ከተማ» ሦስት ሆሄ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ስድስት ምት ይፈጃል። «ምግብ» ሦስት ምት ሲበቃው «ቡና» አራት ይጠይቃል። ለዐይን አጭር የሚመስለው ለጣት ረጅም ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። የአማርኛ ተጫዋች ማንን እንደሚያስቀድም ሲወስን ሆሄያቱን ብቻ ሳይሆን ሳድሶቹንም መቁጠር ይኖርበታል።

ለጨዋታው ሠሪም ችግሩ ቀላል አይደለም። «ከተማ»፣ «ካርታ» እና «ክብር» የያዙ ሦስት ጭራቆች አብረው ቢመጡ የመጀመሪያው ምት ለሦስቱም አንድ ነው፤ ዒላማው የሚለየው በሁለተኛው ምት ይሆናል። ደግሞም ተጫዋቹ «ከ»ን ሊጽፍ ሲጀምር በስክሪኑ ላይ ለአፍታ «ክ» ይታያል፤ የአናባቢው ቁልፍ ሲመታ ወደ «ከ» ይለወጣል። ፕሮግራሙ ያን «ክ» ስሕተት ብሎ ከቆጠረ ማንም ከ«ከተማ» ጭራቅ አይተርፍም። «ፀሐይ» የያዘውን ጭራቅ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ተጫዋችስ ይግደለው ወይስ ይነከስ? እኛ የታየው ሆሄ እንዳለ ይጻፍ እንላለን፤ የቃላቱ አጻጻፍ ግን አስቀድሞ በቋንቋ ባለሙያዎች ይታረም። በዚህ የማይስማማ አንባቢ ቢኖር ሐሳቡን ለማስተናገድ ገጻችን ክፍት ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ፣ ለሒሳብ ተማሪ የቅደም ተከተል ጥናት፣ ለቋንቋ ተማሪ ደግሞ የቃላት ድግግሞሽ ምርምር ይሆናሉ። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ጨዋታው ይሠራል።

ይህን ሁሉ ስለ ጨዋታ ለምን እንጨነቃለን? ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመጡ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪቦርድ የሚነኩ ተማሪዎች አሉ። የቤተ ሙከራ ዘገባቸውን የሚጽፉት በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ ነው። ሐሳባቸው ደርሶ ጣታቸው ይዘገያል፤ ጣታቸውን ሲጠብቁም ሐሳባቸው ይበተናል። በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት የተጻፈ ጎደሎ ዘገባ የተማሪውን ዕውቀት አይመሰክርም፤ ጽሑፉን የሚያርመው መምህር ግን የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። በአማርኛ መጻፍ ሲኖርባቸው ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ብዙዎቻችን የአማርኛ ጽሕፈትን የተማርነው ከጓደኛ ትከሻ ላይ አሻግረን እያየን ነውና።

ስለሆነም ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሁለቱም ፊደላት የጽሕፈት ልምምድ ይሰጥ እንላለን፤ ለልምምዱ ጨዋታ ቢጨመርበትም አናፍርም። እስከዚያው በኮምፒዩተር ክፍሉ ለሚጫወቱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንመክረው አጭር ነው። ሜዳውን ቃኙ፤ ቀድሞ የሚደርሰውን አስቀድሙ፤ የማትችሉትን ለይታችሁ ተዉ፤ ሳትሳሳቱ ጻፉ። ፈጣኑ ባልደረባችን ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ እንደገና ሞክሯል። ሦስተኛውን ምዕራፍ አይቶ ተመልሷል፤ ዝግተኛውን ግን እስካሁን አልደረሰበትም።